ዓምድና ጾማዕት

ስለ ባሕታውያን ልጽፍ መነሣቴን የሰማ አንድ የማኅበራችን ወዳጅ፣ «መጽሔታችን ስንክሳር ሆነ እንዴ?» ሲል ቀለደብኝ። ቀልዱ አልከፋኝም፤ መሠረት አለው። የዚህ ዓይነት መጽሔቶች መታተም ከጀመሩበት ዘመን አንሥቶ ስለ ገዳምና ስለ መነኩሴ የተጻፈባቸው ገጽ ቢገኝ አብዛኛውን ጊዜ ለውግዘት ነበር። እኔም የምጽፈው ለውዳሴ አይደለም። የምጽፈው ስለ ድንጋይ፣ በድንጋይም ላይ ስለ ቀሩ ቀዳዳዎች፣ እንዲሁም በዌስትቼስተር በአንዲት የመኪና ማቆሚያ ጎጆ ውስጥ ሌሊቶችን ቆመው ስላነጉ አንድ ሽማግሌ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ሎስ አንጀለስ ሲባል የአገራችን ሰው ልብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ፌርፋክስ ነው፤ በ2002 የከተማው ምክር ቤት «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ወደ ሰየማት፣ በኦሎምፒክና በፒኮ ጎዳናዎች መካከል ወደምትገኘው አጭር መንገድ። እንጀራው፣ ቡናው፣ ክርክሩም ኩርፊያውም እዚያ ነው። የብዙዎቻችን የዕለት ጉርስ ግን የተገኘው ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ሥር በተዘረጋው ዌስትቼስተር በሚባለው ሰፈር ነው። ታክሲ የሚነዳው፣ ሻንጣ የሚጭነው፣ የኪራይ መኪና የሚያጥበው፣ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቀው ወገናችን በዚህ አስፋልት ላይ ስንት ሌሊት ገፍቷል።

ሰፈሩ ራሱ ፍርስራሽ አያጣም። ከምዕራቡ ጫፍ፣ ከባሕሩ በላይ ባለው የአሸዋ ኮረብታ፣ ሰርፍሪጅ የሚባል መንደር ነበር፤ የጄት አውሮፕላን ጩኸት ሲበረታ ከተማው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ወደ 800 የሚጠጉ ቤቶችን እየገዛ አነሣቸው። በሽቦ አጥር ውስጥ የቀሩት አንዳንድ ጎዳናዎቹ ናቸው፤ ቤት የሌለባቸው፣ ወደ ማንም ደጅ የማያደርሱ ጎዳናዎች። ሰው ለቆት የሄደውን ቦታ ማየት ለሚወድ እንደ እኔ ላለ ስደተኛ፣ በእሑድ ከሰዓት በኋላ ከዚያ አጥር ጥግ መቆም ሙዚየም የመግባት ያህል ነው።

በ2000 ደግሞ በሴንቹሪ ጎዳናና በአውሮፕላን ማረፊያው መግቢያ ላይ ትልልቅ የመስታወት ዓምዶች ተተክለው ነበር። 11 የሚሆኑት በጎዳናው መካከል ከአጭር ወደ ረጅም እያደጉ ይሄዱና፣ መግቢያው ላይ ሌሎች 15 ዓምዶች ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ ቁመታቸው 30 ሜትር ግድም፣ ሌሊት ሌሊት ቀለማቸውን እየለወጡ የሚያበሩ። እኔ በዚያን ጊዜ ከማቆሚያው ወደ ተርሚናሉ መንገደኛ የማመላልስ የሸትል ሾፌር ነበርኩና በየሌሊቱ ሃያ ጊዜ ያህል በሥራቸው አልፍ ነበር። አንድ ሌሊት ከማቆሚያው በር ላይ ሒሳብ የሚቀበሉት ሽማግሌ፣ ሁላችንም በቀላሉ «ጋሼ» የምንላቸው፣ ጣታቸውን ወደ ብርሃኑ ዘርግተው፣ «ስምዖን ዘዓምድ ቢመጣ ከእነዚያ የትኛውን ይመርጥ ይመስልሃል?» አሉኝ። ስምዖን ማን እንደ ሆነ አላውቅም ነበር። «ዓምድ» ሲባል ለእኔ የጋዜጣ ዓምድ ነበር፤ «ዓምደኛ»ም በጋዜጣ ላይ ዘወትር የሚጽፍ ሰው። ይህን ስነግራቸው በጣም ሣቁ። «እርሱም እኮ አንድ ዓምድ ላይ 37 ዓመት ያህል የሠራ ሰው ነው» አሉ።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ከዚያ በኋላ በመንገደኛ መካከል በምትገኘው ትርፍ ጊዜ ከጎጆዋ መስኮት ሥር እየቆምኩ ያነበቡትን ያወሩኝ ጀመር፤ እኔም በበኩሌ ከቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት እያወጣሁ ማንበብ ያዝኩ። የሚከተለውን ከሁለታችን ንባብ አንድ ላይ ያደረግሁት ነው።

ስምዖን በ390 ግድም የተወለደ የበግ እረኛ ነበር። መጀመሪያ ገዳም ገባ፤ ነገር ግን ጾሙና ራሱን መቅጣቱ ከመጠን ያለፈ ስለ ሆነ ሌሎቹ መነኮሳት ታወኩ፤ አለቃውም አሰናበተው። አስቀድሞ ከአንጾኪያ በስተ ምሥራቅ በሚገኝ ተራራማ አገር፣ ቴላኒሶስ በሚባል መንደር ተቀመጠ፤ ኋላ ወደ ኮረብታው ወጣ። ሕዝብ ልብሱን ለበረከት እየነካ አላስቆም ሲለው ዓምድ አሠርቶ ወጣበት። በሕይወቱ ሳለ ታሪኩን የጻፈለት የቂሮስ ጳጳስ ቴዎዶሬጦስ (ሊቃውንቶቻችን በመልካም የሚያነሡት ሰው አይደለም፤ ምስክርነቱ ግን የዓይን ምስክርነት ነው) ዓምዱ መጀመሪያ 6 ክንድ፣ ቀጥሎ 12፣ ቀጥሎ 22፣ በመጨረሻም 36 ክንድ እንደ ነበረ ይነግረናል። ዝናው ከፋርስና ከሜዶን አልፎ እስከ ኢትዮጵያውያን መድረሱንም ይጽፋል። ከቴዎዶሬጦስ ጋር የሄደ አንድ ሰው ስምዖን ሲሰግድ ስግደቱን ይቆጥር ነበር፤ 1244 ላይ ሲደርስ ሰለቸውና መቁጠሩን ተወ። ጋሼ ይህን ታሪክ ከሁሉ አብልጠው ይወዱት ነበር። «ጻድቁን ሳይሆን ቆጣሪውን ነው የምወደው» ይላሉ። «እስከ 1244 መቁጠር ቀላል ፍቅር አይደለም። መሰልቸቱን አለመደበቁም እንዲሁ።»

እንግዲህ ለእኛ ለተማሪዎች ማኅበር ሰዎች የሚነሣው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ ይህ ሰው ለኅብረተሰቡ ምን አመረተ? ጋሼ ራሳቸው ይህን ጥያቄ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና አፍላ ተማሪ ሳሉ፣ በስደት ባለ የተማሪዎች መጽሔት ላይ ጽፈውታል። ቅጂዋን ኋላ አሳዩኝ፤ ወረቀቷ ቢጫ ሆናለች፤ በታይፕ ተመትታ በማባዣ የተባዛች ናት። አርባ አምስት ዓመት በአንድ ቦታ የቆመ መነኩሴ አንድ ኩንታል ጤፍ እንዳላመረተ፣ እርሱን ይመግብ የነበረው ገባር ግን በዚያው ልክ መራቡን በቁጥር አስልተው ያሳያሉ። ስሌቱ እንከን የለውም። ቋንቋውም የዘመኑ ቋንቋ ነው፤ «ጥገኛ»፣ «አድኃሪ»፣ «የባላባታዊው ሥርዓት ምርኩዝ» የሚሉት ቃላት በየመስመሩ ይወድቃሉ። እኔ አልፈርድባቸውም። በ1965 ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ብሎ ወደ አደባባይ የወጣበት አገር፣ ሰፊ መሬት በቤተ ክርስቲያን እጅ የነበረበት አገር ነበርና።

ይሁን እንጂ በሰሜን ሶርያ ያሉት ድንጋዮች የሚነግሩት ታሪክ ከዚህ ስሌት ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ከስምዖን ኮረብታ ዙሪያ ያለው የበሐ ድንጋይ አገር ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ድረስ በሰው የተሞላ ነበር፤ ከመንደሮቹ 40 ያህሉ በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በ1950ዎቹ ስለ እነዚህ መንደሮች ታላቅ መጽሐፍ ያሳተመው ዦርዥ ቻሌንኮ የወይራ ዘይት መጭመቂያዎቹን በየመንደሩ እየተከታተለ የሕዝቡን ኑሮ ከዘይቱ ንግድ ጋር አያይዞታል። የመንደሩ ሰው ታዲያ ዘይቱን ሲሸጥ ከከተማ ነጋዴ፣ ከአበዳሪ፣ ከግብር ሰብሳቢ ጋር ይጋፈጣል። ማን ይዳኘው? እዚህ ላይ ነው ዓምዱ የሚመጣው። ቴዎዶሬጦስ እንደሚለው ስምዖን ከቀትር በኋላ ከጸሎቱ አርፎ የተጣሉትን ይዳኝ ነበር። በሶርያ ቋንቋ በተጻፈው ገድሉ ውስጥ ደግሞ የአንድ መንደር ሰዎች ለእርሱ የላኩት ደብዳቤ አለ፤ ከገቡለት ቃል አንዱ የብድር ወለድን በግማሽ መቀነስ ነው። ፒተር ብራውን የተባለው የታሪክ ሊቅ በ1971 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ፣ እንደ ስምዖን ያለ ሰው ከማንም ዘመድነት ስለሌለው፣ የማንም መሬት ስለማይመኝ፣ መንደርተኛው ሊያምነው የሚችል ሽማግሌና ጠበቃ ሆነ ሲል ተከራክሯል። ጋሼ ይህን ጽሑፍ ሲያነቡ፣ «እኔ ያን ጽሑፌን ስጽፍ ይህ ሰው ይህን እየጻፈ ነበር ማለት ነው» ብለው ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉ።

በዓምድ ላይ የቆሙት ሁሉ እንዲህ ነበሩ ማለቴ አይደለም። ግን ብዙዎቹ ከዓለም ሸሽተው ከዓለም መንገድ ዳር ነው የቆሙት። በቁስጥንጥንያ አጠገብ የነበረው ዳንኤል ዘዓምድ (409–493) በቤተ መንግሥቱ ውስጥ በተነሣው የሃይማኖት ጠብ ምክንያት አንድ ጊዜ ከዓምዱ ወርዶ ወደ ከተማ ገባ፤ እግሮቹ ከመቆም ብዛት አልሄድ ስላሉት ሕዝብ ተሸክሞት ነበር።

ከእነዚህ ሰዎች ዛሬ ምን ቀረ? ስምዖን በ459 ሲሞት አስከሬኑ በወታደር ታጅቦ ወደ አንጾኪያ ተወሰደ፤ እንዳይሰረቅ ነው። ዓምዱ ግን በቦታው ቀረ፤ በ476 እና በ490 መካከል አራት ታላላቅ ባሲሊካዎች ዙሪያውን በመስቀል ቅርጽ ተሠሩ፤ ዓምዱ በመካከላቸው ባለ ስምንት ማዕዘን አደባባይ ላይ ቆመ። ስፍራው ቀልዓት ሰምዓን ይባላል። የዓለም ሕዝብ በየዘመኑ ለበረከት እየጠረበ ስለ ወሰደው 36 ክንድ የነበረው ዓምድ ሁለት ሜትር የማይሞላ ቅርጽ የለሽ ድንጋይ ሆኖ ቀረ። በ2016 ደግሞ በእርስ በርሱ ጦርነት የአየር ድብደባ ደርሶበት ያም ድንጋይ ተጎዳ። ሌሎቹ ዓምዶች ዘውድ የላቸውም፤ አብዛኞቹ በየሜዳው ተጋድመው የተገኙ የክብ ድንጋይ ቁራጮች ናቸው። በ1975 ስለ ሶርያ ዓምደኞች መጽሐፍ ያሳተሙት ሦስት የፍራንሲስካን መነኮሳት እነዚህን ቁራጮች ከመንደር መንደር እየዞሩ ፈልገዋቸዋል። የወደቀ ዓምድ ከወደቀ የቤት ምሰሶ በምን ይለያል? ብቻውን መቆሙ፣ ከአጠገቡም የጸሎት ቤት መኖሩ አንድ ነገር ነው። ሌላው፣ አንባቢ ሆይ፣ ቀዳዳው ነው፤ ሰውየው ሲያንቀላፋ እንዳይወድቅ የመደገፊያው አጥር የገባበት ቀዳዳ፣ መሰላሉ የተደገፈበት ጉድጓድ። ሰው በነበረበት ቦታ ላይ ሰው የለም፤ የተደገፈበት እንጨትም በስብሷል፤ እንጨቱ የገባበት ባዶነት ግን 1500 ዓመት ይቆያል።

በዮርዳኖስ፣ ኡም ኧር ረሳስ በሚባለው በ2004 በቅርስነት በተመዘገበ ቦታ፣ 14 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ባለ አራት ማዕዘን ግንብ እስከ ዛሬ ቆሟል። በውስጡ ደረጃ የለውም፤ ከጫፉ ላይ አንዲት ክፍል አለች። በጆርጂያ ደግሞ ካትስኺ የሚባል 40 ሜትር ያህል የሚረዝም የተፈጥሮ የድንጋይ ዓምድ አለ፤ በ1944 ተራራ ወጪዎች ሲወጡበት የቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አገኙ፤ በ1990ዎቹ አንድ መነኩሴ እንደ ገና ወጥቶ ተቀመጠበት።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በእውነተኛው ትርጉሙ የዓምድ ላይ ባሕታዊ ነበረ የሚያሰኝ ፍርስራሽ አላጋጠመኝም። በእኔ አስተያየት ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ተፈጥሮ ዓምዱን አስቀድማ አዘጋጅታልናለች። ሰው በገመድ ተጎትቶ ለሚወጣበት ደብረ ዳሞ ድንጋይ ጠራቢ ምን ያደርግለታል? አክሱም ደግሞ ዓምድ የጠፋባት ከተማ አልነበረችም፤ ሌላ ጥቅም የነበራቸው ቢሆኑም። ነገር ግን ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ አባ ጰንጠሌዎን ለስምዖን የቅርብ ዘመድ ነው። «ዘጾማዕት» ይባላል። ጾማዕት የብሕትውና ጠባብ ክፍል ነው፤ ገድሉ እንደሚተርከው በዚያች ጠባብ ስፍራ ሳይቀመጥና ጎኑን ሳያሳርፍ 45 ዓመት ቆመ። ስምዖን ወደ ላይ የሠራውን እርሱ በአራት ግድግዳ መካከል ሠራው። ተሰዓቱ ቅዱሳን ከሶርያ መጡ የሚለውን ባህል ሊቃውንት ይከራከሩበታል፤ ጋሼ ግን፣ «ከዚያ አካባቢ ካልመጣ እንዲህ ያለ የመቆም ዕብደት ከየት ተማረ?» ይላሉ። ይህ ግምት እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ግምቱ ግን ደስ ይለኛል።

የአባ ጰንጠሌዎን ቤተ ክርስቲያን ከአክሱም ከተማ ወጣ ብሎ በአንድ ሾጣጣ ኮረብታ ላይ ነው። ከክርስትና በፊት የነበረ መቅደስ በዚያ እንደ ነበረ ድንጋዮቹ ይመሰክራሉ፤ በ1906 በኤኖ ሊትማን መሪነት ወደ አክሱም የመጡት ጀርመናውያን አጥኚዎች ከመዘገቧቸው ጽሑፎች መካከል ከዚያው የተገኘ የግሪክኛ ስባሪ ይገኛል። ንጉሥ ካሌብ በ525 ግድም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ ሒምያር ሊዘምት ሲል ወደዚያች ጾማዕት ሄዶ ምክርና ቡራኬ እንደ ጠየቀ፣ ከድሉም በኋላ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ እንደ መነነ ይተረካል።

ጋሼ የአክሱም ልጅ ናቸው። ጥቅምት 6 በየዓመቱ እናታቸው ከኮረብታው ግርጌ ቀርተው እርሳቸውን ከካህን አጎታቸው ጋር ወደ ላይ ይልኳቸው ነበር። «ከላይ ሆኜ ቁልቁል ስመለከት» አሉኝ አንድ ጊዜ፣ «የእናቴን ነጠላ ከሌሎቹ ነጠላዎች ለይቼ አውቀው ነበር። እንዴት እንደማውቀው አሁን ልነግርህ አልችልም።» በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ለትምህርት ወጡ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን የእኛ መጽሔት አንባቢ ያውቀዋል። አልተመለሱም። ጎጆዋ ውስጥ ወንበር ነበረቻቸው፤ አይቀመጡባትም። «ስቀመጥ እንቅልፍ ይጥለኛል» ይላሉ።

አሁን ልጽፈው ወደማልወደው ክፍል ደርሻለሁ።

ኅዳር 4 ቀን 2020 ወደ ትግራይ የሚወስደው ስልክ ሁሉ ተቋረጠ። በሚቀጥለው ሳምንት በማይካድራ የተፈጸመው ግድያ ተሰማ። እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፤ የአክስቴ ልጅ በዚያ አካባቢ የሰሊጥ አጫጅ የቀን ሠራተኛ ነበር። ድምፁ ጠፋ። እዚህ ፌርፋክስ ላይ ሰው ጠረጴዛ መለየት ጀመረ፤ ሃያ ዓመት አብሮ ቡና የጠጣ ሰው ሰላምታውን ቆጠበ፤ በጎዳናው ላይ አንዱ ሰልፍ ሲያልፍ ሌላው ፊቱን አዞረ። እኔ ከእነዚህ የተለየሁ እንዳልነበርኩ መናገር አለብኝ። ከወረርሽኙ የተነሣ መንገደኛ ጥቂት ነበር፤ ሸትሉ አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ይመላለስ ነበር። በጋሼ መስኮት ሥር ለመቆም ከዚያ የበለጠ ጊዜ አልነበረም። አልቆምኩም። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች እጄን አንሥቼ አለፍኩ፤ ኋላ እጄንም ማንሣት ተውኩ። ምን እላለሁ? «እናትዎ እንዴት ናቸው?» ብል እሳቸው ደግሞ፣ «የአክስትህ ልጅስ?» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ፤ ያን ጥያቄ ከእሳቸው አፍ መስማት የማልችል መሰለኝ። ይህ ፍርሃት ነው። ቁጣም ነበረበት፤ ቁጣው ማንን እንደሚመለከት ግን በውል አላውቀውም ነበር።

በታኅሣሥ የአክስቴ ልጅ ጎንደር ገብቶ ድምፁን አሰማ። በሕይወት ነበር። በዚያ ሌሊት እንኳ በጎጆዋ አጠገብ ሳልቆም አለፍኩ። ከሁሉ የሚያፍረኝ ይህ ነው፤ የእኔ ተገኝቶ የእሳቸው ሳይገኝ፣ ፍርሃቴ ምክንያት ካጣ በኋላ፣ ልማድ ሆኖ ቀጠለ። የካቲትና መጋቢት ላይ አምነስቲ ኢንተርናሽናልና ሂዩማን ራይትስ ዎች በኅዳር መጨረሻ በአክሱም ስለ ተገደሉት ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ሪፖርት አወጡ። አነበብኩት። በመስታወቱ ውስጥ ቆመው፣ ስልካቸው ከፊታቸው ተቀምጦ አያቸዋለሁ፤ እንደ ወትሮው አልተቀመጡም፤ መጽሐፍም አልያዙም።

ወሬው የመጣው በመጋቢት ነው። ወደ መቀሌ የወጣ አንድ ዘመድ ደውሎ ነገራቸው። እናታቸውን ጥይት አላገኛቸውም፤ የስኳር መድኃኒታቸው አልቆ በታኅሣሥ ዐርፈዋል። ተቀብረዋል፤ ልጃቸው ሦስት ወር ሙሉ በሕይወት እንዳሉ አድርጎ ሲያስባቸው ኖሯል።

ለቅሶው ቤት ኢንግልዉድ ነበር፤ የደረስኩት በሣልስቱ ነው። መምጣት የነበረበት ሰው ሁሉ አልመጣም፤ ወንበሮቹ ይታዩ ነበር። ደጁ ላይ ቆሜ ልግባ ልመለስ ስል የጋሼ ልጅ አየችኝና፣ «ግባ እንጂ፣ አባዬ ይጠይቅሃል» አለችኝ። ገብቼ፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት ጋሼ» አልኩና ከዚያ የሚቀጥለው ቃል ጠፋብኝ። አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ንፍሮ ዘግነው ሰጡኝ። ብዙ ቆይተው ቀስ ብለው፣ ሌላው ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ «ስታልፍ እቆጥርህ ነበር» አሉኝ። «በየሌሊቱ። አንድ ቀን ይቆማል እያልኩ። ኋላ እንደዚያ እንደ ቴዎዶሬጦስ ሰው ሰለቸኝና ተውኩት።»

ስንት ላይ እንደ ተዉት አልጠየቅሁም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተነጋግረናል። በአንዱ እሑድ ያችን ቢጫ መጽሔት አውጥተው ያሳዩኝ ያኔ ነው። ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ፤ «ይቅር» ብለዋል፤ ነገር ግን ይቅር መባባላችን በመካከላችን ያለውን የአገር ነገር ፈታው ብዬ አንባቢን አላታልልም። ስለ ጦርነቱ መነሻ ዛሬም አንስማማም፤ ስንነጋገር ድምፃችን ከፍ ይላል። ስለ ካሌብ እንኳ አልተስማማንም። እኔ ጰንጠሌዎን ለንጉሡ ዘመቻ ቡራኬ መስጠቱን በናግራን በ523 ስለ ተገደሉት ክርስቲያኖች ብዬ ልከላከልለት ስሞክር፣ «ከአርባ አምስት ዓመት አንዷን ቀን ተቀምጦ ቢያስብባት ኖሮ» አሉኝ። ይህን ሲሉ የተቆጡት በጻድቁ ይሁን በሌላ አላውቅም። ጽሑፋቸውን ግን አላወገዙትም። «ስሌቱ ትክክል ነበር» ይላሉ፤ «የተሳሳትኩት መቆምን ሥራ አለመሥራት አድርጌ መቁጠሬ ነው።»

በ2022 ማቆሚያው ካርድ የሚቀበል ማሽን አስገባና ሒሳብ ተቀባዮቹ ተሰናበቱ። ጋሼ ልጃቸው ወደምትኖርበት ወደ ሌላ ግዛት ሄዱ። ጎጆዋ በክሬን ተነሥታ በጭነት መኪና ተወሰደች፤ እኔ በዚያን ቀን አልነበርኩም።

በሚቀጥለው ሳምንት በእግሬ ሄጄ ቦታውን አየሁት። ጸሐይና ጭስ ያልነካው ጠቆር ያለ አራት ማዕዘን አስፋልት ላይ ቀርቷል፤ በእርምጃዬ ስለካው ርዝመቱ ሁለት፣ ወርዱ ከአንድ ጥቂት የሚያልፍ ሆነ። በአራቱ ማዕዘን የብሎኖቹ ቀዳዳዎች አሉ። በስተ ግራ በኩል፣ ከማዕዘኖቹ ርቃ፣ አንዲት አምስተኛ ቀዳዳ አለች፤ ከሌሎቹ ጠበብ ያለች፣ ጠርዟ በእጅ የተቆፈረ የሚመስል። ለመደገፊያ አትሆንም፤ ለውኃ መውረጃም አትሆንም። ፎቶግራፍ አንሥቼ ለጋሼ ላክሁላቸውና፣ «አራቱን ለይቻቸዋለሁ፤ አምስተኛዋ ምንድን ናት?» ብዬ ጻፍኩ።

መልሱ በማግስቱ መጣ። የጎጆዋ ሶኬት ስለ ተበላሸ፣ በዚያ ኅዳር ከጥበቃው ክፍል በራሳቸው እጅ ሽቦ የሳቡባት ቀዳዳ ናት፤ ስልካቸው ቻርጅ እንዳይጨርስ።